እግር ሲያቃጥል ስኳርን መለካትና መመገብ፦ ቀስ ብሎ ማውረድ ለምን ይሻላል?

በስኳር ምክንያት ነርቩ የተጎዳ ሰው ሌሊትን ይፈራል። ቀን ተረስቶ የዋለው ውስጥ እግር ማታ አልጋ ላይ ይለበልባል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያማል፤ ጣቶቹ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል፤ አንዳንዴም እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። እንዲህ ባለ ሌሊት ተነስቶ ስኳር መለካት፣ 140 ማግኘት፣ ከዚያም «ስኳሬ ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ያመኛል?» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ከዚህ ሕመም ጋር የምንኖር ብዙዎቻችን ያለፍንበት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እዚያ ላይ ወራት እንዳያባክን ነው።

ነርቭ በአንድ ቀን ስኳር አይጎዳም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቩን ራሱንና ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ሕመሙ ከእግር ጣቶች ተነስቶ በሁለቱም እግር እኩል ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የዛሬ ማታ ቁጥር የዛሬ ማታን ሕመም አያስረዳም። የምንለካው ገና ያልተጎዱትን ነርቮች ለማትረፍ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በዓይነት 1 የስኳር ሕሙማን ላይ የተካሄደው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ትልቅ ጥናት ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዓይነት 2 ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የደም ቅባትና ሲጋራም ነርቭን ይጎዳሉና እነሱም አብረው መታየት አለባቸው።

አመጋገብ ከመቀየራችሁ በፊት ጥቂት ምርመራዎች ይቅደሙ። አንደኛው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ስኳር በመቶኛ የሚያሳየው ኤዋንሲ (HbA1c) የተባለው የደም ምርመራ ነው። ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ እጥረቱም ልክ እንደ ስኳር እግርን ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ይህኛው በመርፌ ወይም በክኒን ይተካል፤ «የስኳር ነው» ተብሎ ሳይመረመር ከታለፈ ግን ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ «ለነርቭ ጥሩ ነው» እየተባለ ያለ ትእዛዝ የሚወሰድ ቫይታሚን ቢ6 መጠኑ ሲበዛና ሲቆይ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ የምትውጡት ክኒን ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አንብቡ፣ ለሐኪማችሁም አሳዩ። ኩላሊት፣ ታይሮይድና የደም ማነስ አብረው ይመርመሩ። የዓይን ምርመራም አይቅር፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ በሳምንታት ውስጥ ከገሰገሰ፣ ከእግር ይልቅ ከእጅ ከጀመረ፣ ወይም እግር መስነፍና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ «ስኳር ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ቶሎ ይየው።

የመጀመሪያው ሳምንት አለካክን ለመልመድ ብቻ ይሁን። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ መድኃኒትና ምግብ መቀያየር ካለመለካት ይብሳል። እጃችሁን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ፍራፍሬ የላጠ ጣት ስኳሩን ከእውነተኛው በብዙ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነውና ዝቅ ያደርገዋል። መርፌው የጣታችሁን ጫፍ መሃል ሳይሆን ጎኑን ይውጋ፤ ጎኑ ሕመሙ ያነሰ ነው፣ ለመዳሰስ የምትጠቀሙበት መሃሉም ከመቆሳሰል ይድናል። የእጁ ጣቶች መደንዘዝ ለጀመሩት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣቶቻችሁን እያፈራረቃችሁ ውጉ፣ መርፌውንም ቀይሩ። ደም እምቢ ካለ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ ከመዳፍ ወደ ጣት እሹት እንጂ ጫፉን አጥብቃችሁ አትጭመቁት፤ ከደሙ ጋር ሌላ ፈሳሽ ወጥቶ ውጤቱን ያዛባል። ከእግር ጣት ደም መውሰድ ፈጽሞ አይሞከር። በደነዘዘ እግር ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ ሳትታወቅ ቁስል ትሆናለች።

ደሙ የሚነካበት የማሽኑ ስትሪፕ ሙቀትና እርጥበት ይፈራል። ከቆርቆሮው አውጥቶ በኪስ መያዝ፣ ክዳኑን ክፍት መተው፣ ጊዜው ያለፈበትን መጠቀም ሁሉም ውሸት ቁጥር ይሰጣሉ። ትክክለኛ ማሽን እንኳ ወለል ያለ እውነት አይናገርም፦ ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ100 በታች እስከ 15 ሚሊግራም፣ ከ100 ጀምሮ ደግሞ እስከ 15 በመቶ ልዩነትን ይፈቅዳል። እውነቱ 180 ሲሆን ማሽኑ ከ153 እስከ 207 መካከል ያለ ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ 150ን ከ162 ጋር እያወዳደሩ መጨነቅ ጣትን በከንቱ መውጋት ነው። ከስሜታችሁ ጋር ጨርሶ የማይሄድ ቁጥር ካያችሁ ግን እጅ ታጥባችሁ በአዲስ ስትሪፕ ድገሙት። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በሙሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ ማሽናችሁ በሚሊሞል ከሆነ ለ18 አካፍሏቸው።

መቼ ነው የሚለካው? ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ታሪክ ብቻ ያያል። ጠዋት 118 የሆነ ሰው ከምሳ በኋላ 260 ሊደርስ ይችላል፣ አያውቀውም። የሚያስተምረው ጥንዱ ልኬት ነው፦ አንድ ጊዜ ከምግብ በፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጣችሁ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላ። ሰዓቱ የሚቆጠረው በልታችሁ ከጨረሳችሁበት አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች የተለመደው ግብ ነው። ዕድሜው ለገፋ ወይም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ላላ ያለ ግብ ያወጣለታል።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በቀን አንድ ምግብ ብቻ በጥንድ ለኩ፤ ሦስት ቀን ቁርስ፣ ሦስት ቀን ምሳ፣ ሦስት ቀን እራት። ከቁጥሮቹ አጠገብ ምን እንደበላችሁና ምን ያህል፣ ከዚያም የሌሊቱን ሕመም ከ0 እስከ 10 ጻፉ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የትኛው ማዕድ እንደሚጎዳችሁ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል። በጥንዱ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 በላይ ከሆነ ያ ሳህን ይስተካከል። መነሻው አስቀድሞ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ምግቡን አትውቀሱ፤ ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ሰዓት ወይም በመድኃኒቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ አንድ ሁለት ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ለኩ። ያኔ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የማታው መድኃኒት በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደህና ሆኖ ንጋት ላይ የሚወጣ ከሆነ ጉበት በንጋት ሆርሞኖች ግፊት የሚለቀው ስኳር ነው። ሁለቱ የሚታከሙት በተቃራኒ መንገድ ስለሆነ ሳትለኩ እራት አትዝለሉ።

ወደ ሳህኑ እንምጣ። 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን ግማሹ ቅጠላ ቅጠልና ስታርች የሌላቸው አትክልቶች፣ ሩቡ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ሌላ ፕሮቲን፣ የቀረው ሩብ ደግሞ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ድንች ይሁን። ስኳርን የሚያነሳው በዋናነት ይህ የመጨረሻው ሩብ ነውና መጠኑን በግራም ማወቅ ይበጃል። አንድ ቁራጭ የተለመደ ዳቦ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የበሰለ ሩዝ ሲሶ ኩባያውም እንዲሁ 15 ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ኩባያ ሩዝ ሦስት ቁራጭ ዳቦ እንደመብላት ነው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ባቄላ ወይም ምስር 20 ግራም አካባቢ ቢኖረውም ፋይበርና ፕሮቲን ስላለው ስኳሩን በዝግታ ያነሳዋል። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፤ በቀን አምስት ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 40 ግራም ሳይቆጥር ዋለ ማለት ነው። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ማር ስኳር ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ ፋይበሩ የወጣለት የሦስትና የአራት ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ፍሬውን ራሱን ብሉት። ቡናማ ዳቦም ከነጩ ቢሻልም ግራሙ ያው ነው። የአበላል ቅደም ተከተልም ይለውጣል፦ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድማችሁ ዳቦውን ወይም ሩዙን ለመጨረሻ ብታቆዩት ያው ምግብ ስኳርን ያነሰ ከፍ ያደርገዋል። ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ በጥንዱ ልኬት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ግን በሚገባ ጫማና በካልሲ፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደሌለ እጅ ሰዶ ፈትሾ። እግር ላይ ቁስል ካለ መራመዱ ይቅርና በእጅ ወይም ተቀምጦ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይተካው። አልኮል ነርቭን በራሱ መንገድ ይጎዳል፣ ጉበትም ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግድ ሌሊቱን ስኳር ይጥላል፤ ነርቩ ለታመመ ሰው መተው ነው የሚሻለው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ሰው አንድ ቀን ይጨክናል። ዳቦውን ጨርሶ ያቆማል፣ ኢንሱሊን ይጀምራል ወይም ክኒን ይጨመርለታል፤ ኤዋንሲው በሦስት ወር ከ11 ወደ 7 ይወርዳል። ሁሉም ያመሰግነዋል። እግሩ ግን ከበፊቱ እጅግ ይብሳል፤ ማቃጠሉ ቀንም ማታም ይሆናል፣ ልብስ መንካት ያቅተዋል፣ አንዳንዱም ሲነሳ ያዞረዋል። «መድኃኒቱ ነው የጎዳኝ» ብሎ ሁሉንም የሚጥለው፣ ወደ ድሮው አበላል የሚመለሰውም ያኔ ነው። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ በሕክምናው ምክንያት የሚመጣ የነርቭ ሕመም ይባላል። ድሮ ከኢንሱሊን ጋር ብቻ ያያይዙት ነበር፤ በክኒንም፣ ምግብን በማሳነስ ብቻም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ከተስተካከለ በ8 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፤ ኤዋንሲ በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ የወረደበት ሰው ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ስኳር በዓይን ውስጠኛ ጀርባ (ሬቲና) ላይ ያደረሰው ጉዳትም ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ለጊዜው ሊባባስ ይችላል፤ የዓይን ምርመራው ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ «ቀስ» ማለት በመለኪያው ላይ ስንት ነው? አንድ የኤዋንሲ ነጥብ ከአማካይ ስኳር ወደ 29 ሚሊግራም ይጠጋል። ኤዋንሲ 11 አማካዩ 270 ገደማ ነው፣ 9 ደግሞ 212፣ 7 ደግሞ 154። ስለዚህ ከ11 የሚነሳ ሰው የመጀመሪያው ሦስት ወር ግቡ አማካዩን ወደ 210 አካባቢ ማድረስ እንጂ ነገውኑ 120 ማየት አይደለም። ምግቡን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ጣፋጭ መጠጡን፣ በሚቀጥለው የእራቱን ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ከዚያ ቁርሱን እያስተካከላችሁ ሂዱ። የመድኃኒቱን ፍጥነት ግን ከሐኪማችሁ ጋር እንጂ ለብቻችሁ አትወስኑ፤ «ነርቬ እንዳይታመም በዝግታ እንሂድ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃይለኛ ጥም፣ ማስታወክ፣ ቶሎ መክሳት ወይም በሽንት ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) ላለው፣ ለነፍሰ ጡርም ዝግታው አይሠራም፤ እነዚህ ቶሎ መታከም አለባቸው። ሕመሙ ቀድሞ የመጣባችሁም ብትሆኑ ስኳሩን መልሳችሁ አታውጡት። ባለበት ረግቶ ሲቆይ ሕመሙ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ፈጅቶ ይበርዳል፤ እስከዚያ የማስታገሻ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ መጠየቅም አያሳፍርም።

በእነዚሁ ሳምንታት ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በ300 የለመደ ሰውነት 120 ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይርበዋል። ስኳር የወረደ መስሎት ጣፋጭ የሚበላ ብዙ ነው። አስቀድማችሁ ለኩ፤ ከ70 በላይ ከሆነ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ከ70 በታች ከሆነ ግን አትጠብቁ፦ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፤ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። የከፋው አደጋ በተቃራኒው ነው። የልብና የላብ ነርቮች የተጎዱበት ሰው ስኳሩ 50 ሲደርስ እንኳ ላብም መንቀጥቀጥም ላይመጣለት ይችላል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ምልክቱን ይሸፍናሉ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ሳይታወቃችሁ ከ70 በታች አንዴም ካገኛችሁ ለሐኪም ተናገሩ፤ ከመኪና መንዳት በፊትና ከመኝታ በፊት መለካት ከዚያ ቀን ጀምሮ ግዴታ ይሁን። በቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ ሰንሰር ማግኘት ለሚችል ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሌሊት ያነቃል። ሰንሰሩ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደ ኋላ እንደሚቀርና በላዩ ሲተኙበት በውሸት ዝቅ ሊል እንደሚችል ብቻ እወቁ።

ትንሽ በልታችሁ ወዲያው የምትጠግቡ፣ ሆድ የሚነፋችሁ፣ የትናንት ምግብ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ የጨጓራ ነርቭም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በመለኪያው ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ 75፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ 280። ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ቆይቷል፣ ኢንሱሊኑ ግን ቀድሞ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ከላይ ያልኩት የአትክልት ምክር ሳይቀር ይለወጥበታል፤ ጥሬ ቅጠልና ቅባት ጨጓራውን ይበልጥ ያዘገዩታል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ በደንብ የበሰለና የላመ ወይም ሾርባ፣ ከበሉ በኋላም አለመተኛት ይረዳል። ከምግብ በኋላ በሁለት፣ በሦስትና በአምስት ሰዓት የለካችሁትን ለሐኪም አሳዩ፤ የኢንሱሊኑ ሰዓት የሚለወጠው በዚያ ነው።

የሕመም ማስታገሻዎቹም ከስኳሩ ጋር ይነካካሉ። ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን የምግብ ፍላጎትና ክብደት ይጨምራሉ፣ እግርም ያሳብጣሉ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠናቸው ይቀንሳል። አሚትሪፕቲሊን ክብደት ከመጨመሩ ሌላ አፍ ያደርቃል፤ ድርቀቱን በለስላሳ መጠጥ የሚያርስ ሰው ስኳሩ ለምን እንደወጣ ይቸግረዋል፤ ውሃ ከጎናችሁ ይኑር። ዱሎክሴቲን የጠዋቱን ስኳር በጥቂቱ ሊያነሳ ይችላል። ለመገጣጠሚያ የሚወጋ የኮርቲዞን መርፌ ደግሞ ለቀናት ስኳርን ሽቅብ ይሰዳል፤ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ፣ በእነዚያ ቀናት አዘውትራችሁ ለኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተመዘኑ። ሁለት ኪሎ ከጨመራችሁ መድኃኒቱን በድንገት ሳታቆሙ ሐኪሙን አማክሩ።

በሦስተኛው ወር ኤዋንሲውን ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። የማሽኑ አማካይ 150 ሆኖ ኤዋንሲ 9 ከመጣ ያልለካችሁበት ሰዓት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከእራት በኋላ ያለው ነው። ደም ማነስ፣ የኩላሊት ድካም ወይም በቅርብ ደም መውሰድ ኤዋንሲን ራሱን ስለሚያዛባ ያንንም ለሐኪም አስታውሱ።

የመጨረሻው ስህተት ሕመሙ ሲጠፋ የሚሠራው ነው። ማቃጠሉ የቀነሰው ነርቩ ስላገገመ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ስለደነዘዘም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እሱ የአውራ ጣታችሁን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር በጣቱ ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሳይጫን ይንካ፤ እናንተ ሲነካችሁ ብቻ «ቀኝ» ወይም «ግራ» በሉ። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካላወቃችሁ እግራችሁ መስማት ቀንሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እግር መሄድ የለም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ እግር መንከር፣ እግርን እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማድረግም የለም። የመታጠቢያውን ውሃ በክርናችሁ ሞክሩ። ማታ ስኳር ስትለኩ ውስጥ እግራችሁንም በመስታወት እዩ፤ በጣቶቹ መካከል ጭምር። ቀልቶ፣ አብጦ፣ ተሰንጥቆ ወይም ውሃ ቋጥሮ ካገኛችሁት ባያማችሁም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።